ጋሽ በቃ ያስቆመው ማዕዘን

ጉልበት ያለው ሁሉ መሠረት ይቆፍራል። ጭንቁ የት ላይ እንደሚቆም ማወቁ ነው። አንድ ክንድ ቀድሞ ያቆመ ቤቱን ያዘምማል፤ አንድ ክንድ ያሳለፈ የሰው ድንጋይና ሲሚንቶ ለመሬት ያበላል። ጋሽ በቃ ፀጉሩ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስኪነጣ ድረስ የኖረው በዚህ ዕውቀት ነው። ቆፋሪዎቹ ጠጠር መሰለን ወይም አለት መሰለን ሲሉት ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ድጅኖውን ከትከሻው ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፣ መዳፉን ላላ አድርጎ የብረቱን መመለስ ይጠብቃል። ጭቃ ከሆነ ብረቱን ይውጠዋል። ጠጠር ከሆነ ያንገጫግጨዋል። አለት ከሆነ መልሶ ይረግጠዋል፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ይነዝረዋል። ያኔ ድጅኖውን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና "በቃ!" ይላል። ከዚያ በኋላ አንዲት አካፋ አፈር የሚያወጣ ወዮለት። ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ጋሽ በቃ ሲሉት አቤት ይላል፤ በእናት ባባቱ ስም ቢጠሩት ግን ዞሮም አያይ።

ሌላም የታወቀበት ነገር ነበረው፤ መሰላሉ።

ሥራ የለገመ፣ ወይም አፉን የከፈተበት ቆፋሪ ካለ ጋሽ በቃ አይሳደብም። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ዝም ይላል። ሲደርስ ሌሎቹን በሙሉ ያወጣና መሰላሉን ሽቅብ ይስባል። "እኛ ምሳ በልተን እንመለሳለን። አንተ እዚያው አስብበት" ይላል ወደ ታች። ሁሉም ይስቃል። የማይስቅ የነገ ተረኛ ነዋ። አንድ ጊዜ ሰውየው እታች እያለ ዝናብ ጣለ። መሰላሉ ሲወርድለት እስከ ደረቱ ጭቃ ነበር፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጋሽ በቃ ከላይ እስከ ታች አየውና "ምነው፣ ገላህን ታጥበህ የለም እንዴ? አመስግነኝ እንጂ" አለው።

ሚስቱ በጊዜ ሞታለች። አንዲት ልጁን ብቻውን አሳደጋት። ክፉ አላሳደጋትም፤ በልታ፣ ለብሳ፣ ተምራ ነው ያደገችው። ትንሽ ሳለች ምሳ ዕቃውን ይዛ ወደ ሥራው ቦታ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲበሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሰው ሳል ሰማች።

"አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ።"

"አለ።"

"አይበላም?"

"አፈር እየበላ ነው። ሙሉ ጉድጓድ አፈር ለብቻው ሰጥተነው!"

ቆፋሪዎቹ ሳቁ፤ ልጅቷም አብራ ሳቀች። ደስ ብሎት ከራሱ ድርሻ ቆርሶ አጎረሳት።

ያች ልጅ አድጋ የጭነት መኪና ሹፌር አገባች። ሹፌሩ ሁለት ቀን ቤት ካደረ አምስት ቀን መንገድ የሚያድር፣ ለእናቱ የሚታዘዝ፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ ነው። እናቱ ባዶ ቦታ ነበራቸው፤ ቤት ሊሠሩበት፣ አዲሶቹን ሙሽሮች አንዱ ክፍል ሊያስገቡ አስበዋል። ጋሽ በቃ ለልጁ የሚያበረክተው ሌላ ነገር አላሰበም። "መሠረቱን ለኔ ተዉት። ልጄ የምትተኛበት ቤት ሥር ሌላ ሰው ድጅኖ አይጥልም" አለ።

ሹፌሩ ከሚሠራበት ድርጅት አንድ መሐንዲስ ለምኖ አምጥቶ ነበር። መሐንዲሱ ቦታውን ዞሮ አየ፣ ከመንገዱ ጋር አስተያየ፣ አፈሩን በጫማው ገለጥ ገለጥ አደረገ።

"ይሄ ቦታ ሙሌት ነው" አለ። "መንገዱ ከፍ ሲል እዚህም አፈር ተደፍቶበታል። ድሮ ከሥር ምን እንደነበረ አናውቅም። ወይ በየማዕዘኑ ከምትቆሙበት አልፋችሁ መፈተሻ ጉድጓድ ክፈቱ፣ ወይ ቤቱን ባንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ አስቀምጡት። አንዱ ቦታ ቢከዳ ሌላው ይሸከመዋል።"

መሐንዲሱ ትክክል ነበር። ሙሌት ላይ ከዚህ ሌላ ምክር የለም። ጋሽ በቃ ግን ሰውየው ከበሩ እስኪወጣ ጠበቀና ወደ አማቲቱ ዞሮ፣ "እትዬ፣ ይሄ ልጅ ብረት የሚነግድ አጎት ሳይኖረው አይቀርም" አላቸው። እሳቸውም ሳቁ። ጉዳዩ እዚያው ላይ አለቀ።

ቁፋሮው ተጀመረ። ሦስቱ ማዕዘኖች ሙሌቱን አልፈው፣ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ጭቃ አልፈው፣ ከሰው ቁመት በብዙ ወርደው ጠጠር አገኙ። አራተኛው፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለው፣ ገና ሙሌቱ ሳያልቅ ብረት መለሰ። እዚያ የሚቆፍረው ሚዶ የሚሉት ሰው ነበር፤ ከፊት ጥርሶቹ አንድ እየዘለለ የወለቀበት፣ ከጋሽ በቃ ጋር ያረጀ ቆፋሪ።

በዚያ ቀን አማቲቱ ጎረቤቶቻቸውን ጋብዘው ሥራውን እያሳዩ ነበር። ጋሽ በቃ ወረደ። ሴቶቹ ከላይ ከበው ያዩታል። ድጅኖውን ለቀቀ፤ ብረቱ ረገጠው።

"በቃ!"

"ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ" አለ ሚዶ ከጎኑ። "ብረቱ ይዘፍናል።"

"ከዘፈነልህ ጨፍርበት!"

ላይ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ሚዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የምሬን ነው። አለት ድው ይላል እንጂ ዝንን አይልም። ደግሞ አለት ሙሌት መሃል ምን ያደርጋል? አንድ ክንድ ወደ ጎን ልፈትሸው።"

አለት ከተደፋ አፈር መሃል እንደማይበቅል ጋሽ በቃ ያውቃል። ትናንት የጀመረ ቆፋሪም ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቷል፣ ሴቶቹ እያዩት ነው፣ በሥራ ዘመኑ "በቃ" ብሎ ቃሉን ያጠፈበት አንድም ጊዜ የለም።

"ሚዶ፣ ጥርስህ ያለቀው በወሬ ነው መሰለኝ" አለና ወጣ። ሲወጣ መሰላሉን ይዞት ወጣ። "እኛ ምሳ በልተን እንመለሳለን።"

አማቲቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከምሳ በኋላ መሰላሉ ሲወርድ ሚዶ ወጣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ምሳ ዕቃውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። በበነጋው ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ተገነባ፣ ኮንክሪት ፈሰሰ፣ ኮለኑ፣ የኮንክሪት ምሰሶው፣ ቆመ። ቤቱ አማረ። ሙሽሮቹ የገቡት በዚያው ማዕዘን በኩል ባለው ክፍል ነው፤ ቧንቧው ለልብስ አጠባ ቅርብ ነው ተብሎ።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱ ሥር ስንጥቅ ታየ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እየተሰበረ ደረጃ ሠርቶ ወደ ማዕዘኑ ይወርዳል። የልስን ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ አቅጣጫ የለውም። ደረጃ የሚሠራ ስንጥቅ ግን ቤቱ ከሥሩ መስመጡን ያሳያል። ጋሽ በቃ ገና ከበሩ ሲገባ አየው።

"የልስን ነው" አለ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የክፍሉ በር አልዘጋ አለ። አማቲቱ አስጠሩት። "ልስኑ በሩንም ይዞት ሄደ እንዴ ጋሼ?" አሉት። እሱም ማዕዘኑን ከፍቼ አያለሁ፣ ግድግዳው አደገኛ ነው፣ ማንም እንዳይጠጋ ብሎ ሁሉንም ከጓሮው አስወጣ። ረዳት አላመጣም። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቆፈረ።

የመሠረቱ ድንጋይ ሥር ሲደርስ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ከሥሩ ያለው ነገር ለስላሳ ነው። አለት ለስላሳ አይሆንም። ጠረግ ጠረግ ሲያደርግ ጣቱ ዝገት ነካ፤ ክብ ብረት፣ ክዳን ማንሻ ቀለበት። መሠረቱ የተቀመጠው የድሮ መጸዳጃ ጉድጓድ የኮንክሪት ክዳን ላይ ነው። ቦታው አፈር ሳይደፋበት በፊት እዚህ ሰው ይኖር ነበር፤ ጉድጓዱን ሳይሞሉት ከድነውት ሄደዋል። የቤቱ ማዕዘን ግማሹ ክዳኑ ላይ ነው፤ ክዳኑ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። በቡጢው መታ አደረገው። ዝንን አለ።

ሲሚንቶ በጥብጦ፣ ድንጋይ ሸጉጦ፣ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ክፍተት ደፈነ። የሲሚንቶውን ከረጢት እዚያው አነጠፈውና አፈሩን መለሰበት። ይህ ለጥቂት ጊዜ ነው እንጂ እንደማይዝ ያውቃል። መዳኛው ሌላ ነበር፤ ጉድጓዱን ከፍቶ እስከ ጠጠሩ በድንጋይና በኮንክሪት መሙላት። ለዚያ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ሲወጣ አማቲቱ ጓሮው አፍ ላይ ቆመዋል፣ ሹፌሩም ከመንገድ ገብቷል። ልጁ የታጠበ ልብስ አስጥታ ሳፋውን ቧንቧው አጠገብ ደፋች። አረፋው ወደ ማዕዘኑ ፈሰሰ።

"እህ፣ ምን አገኙ?" አሉ አማቲቱ።

ጋሽ በቃ አረፋውን አየ። ቢነግራቸው በበነጋው ከተማው ይሰማል፤ ከሁሉ በፊት ሚዶ ይሰማል። ልጅቷን ቢቆጧት አንድ ሳምንት ይቆጧታል፣ ይረሱታል። በልቡ እንዲህ ሲል አሰላው።

"ውሃ ነው" አለ። "አለቴ ደህና ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ግን እዚህ ማዕዘን ላይ ውሃ ይደፋል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ቤት በዚህ ነው የሚሰነጠቀው።"

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ባዶውን ሳፋ ይዛ ቆማለች።

አንድ ሳምንት አልሆነም። አማቲቱ ቧንቧውን ቆለፉት፤ ቁልፉን ቀሚሳቸው ላይ አሰሩት። ልጅቷ ውሃ ከጎረቤት እየቀዳች፣ እጣቢውን ተሸክማ ከግቢ ውጭ፣ መንገድ ተሻግራ ትደፋለች። "ምራቴ ቤት በሳሙና አረፋ ታፈርሳለች" ይላሉ ለመጣው ሁሉ። ስም ወጣላት፤ ጎርፍ። ሹፌሩ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ኋላ ከመንገድ ሲመጣ "ጎርፍ እንዴት ሰነበተች?" እያለ መግባት ጀመረ። ማዕዘኑ ላይ ጠብታ ሳይደፋ ስንጥቁ ግን መስፋቱን አላቆመም።

"በድብቅ ትደፊያለሽ!" አሏት አማቲቱ።

"የት ልደብቀው እትዬ፣ ውሃ እኮ ነው።"

"አፍሽም እንደ ሳፋሽ ይደፋል!"

አንድ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ከፍሬሙ ተፈናጥሮ አልጋው ላይ ወደቀ። ሹፌሩ ተኝቶ ነበር፤ ጆሮው ተቆረጠ። በዚያው ቀን ሻንጣዋን አወጡላት። "ቤቱ እስኪደርቅ አባትሽ ጋ ቆይ" አላት ባሏ፣ ጆሮው ላይ ፋሻ እንደታሰረ። "ደረቀ ሲሉኝ እመጣለሁ።" አማቲቱ ከኋላው ሆነው፣ "ሲደርቅ አይደለም፣ አባትሽ መጥቶ ውሃ አይደለም ካለ ነው የምትመለሽው" አሉ።

ጋሽ በቃ ቤት ገባች። ጠዋት ተነስታ ልብሱን ታጥባለች፣ ሳፋውን ተሸክማ ከግቢ ትወጣለች።

"እዚሁ ድፊው እንጂ፤ ይሄ ቤት አለት ላይ ነው" አላት።

"ይቅርብኝ አባዬ። እጄ ቤት ያፈርሳል።"

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ።

ማታ ራት አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ፣ አንተ ብቻ ነህ የሚሰሙህ። አንድ ጊዜ ሄደህ ውሃ ብቻውን እንዲህ አያደርግም በላቸው። አንድ ቃል።"

"አንቺ ስለ መሠረት ምን ታውቂያለሽ?"

"ምንም አላውቅም። እንዳልደፋሁ ግን አውቃለሁ።"

"ቤቱ ይደርቃል፤ ያልፋል" አለና ሳህኑን ገፋ። ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተኛ። ለሷ የቀረው ነገር ግን ይኸው አንድ ቃል ነበር፤ ከተባለ ትመለሳለች፣ ካልተባለ ትዳሯ አልቋል።

አማቲቱ መጠበቅ ሰለቻቸው። ስንጥቁ እጅ ያስገባ ጀምሯል። ጋሽ በቃን ቢያስጠሩት ዛሬ ወገቤን ነው፣ ነገ ሥራ አለብኝ ይላል። በመጨረሻ ሌላ ቆፋሪ አስጠየቁ፤ ያገኙት ሚዶን ነው። ወሬው ጋሽ በቃ ጆሮ የደረሰው ሚዶ ቁፋሮውን ካጋመሰ በኋላ ነው። ጋሽ በቃ ምሳውን ጥሎ ተነሳ። ልጁ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችው።

"አንቺ የት?"

"አፈሩ ደረቅ ከሆነ እኔ ነጻ ነኝ። እርጥብ ከሆነም ልይ።"

ሲደርሱ ሚዶ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ አናቱ ብቻ ይታያል።

"ውጣ!" አለ ጋሽ በቃ። "ይሄ የኔ መሠረት ነው። እኔ ነኝ የምወርደው።"

ሚዶ አልተከራከረም። በመሰላሉ ወጣ፤ ጋሽ በቃ ወረደ። የወረደው ለመደበቅ ነበር። ግን ዘግይቷል። ክዳኑ ተጠርጓል፣ ቀለበቱ ቀና ብሎ ቆሟል፣ ከድንጋዩ ሥር የሸጎጠው ሲሚንቶ ተፈንቅሏል። እግሩ ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ክዳኑ በትንሹ ወረደበት። ቶሎ ብሎ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

አማቲቱ ከአፈሩ ቁልል አንድ እፍኝ ዘገኑ፤ ጨበጡት። በጣቶቻቸው መሃል ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ።

"ይሄ ነው እንግዲህ ውሃው?"

ሚዶ ደግሞ ከቁልሉ ላይ አንድ የሲሚንቶ ጓል አነሳ። በአንድ ጎኑ የከረጢት ወረቀት ተጣብቆበታል። ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አሳየው። "ጋሼ፣ አለትዎ ከረጢት ይለብስ ጀመር? ከኔ በፊት ይሄን ማዕዘን የከፈተው ማነው?"

ማን እንደከፈተው ሁሉም ያውቃል። ብቻውን የቆፈረበትን ቀን፣ ሁሉንም ከጓሮ ያስወጣበትን ቀን፣ አረፋው ወደ ማዕዘኑ የፈሰሰበትን ቀን የረሳ የለም። ልጅቷ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረበች። ቀለበቱን አየች። ጓሉን አየች። አባቷን አየች።

"አባዬ፣ ያን ቀን ውሃ ነው ስትል ይሄን አይተኸው ነበር?"

"ልጄ፣ መጀመሪያ ልውጣና—"

"አይተኸው ነበር?"

"ስሜ ነው ያለኝ" አለ። "ሌላ ምን አለኝ? አንቺን ቢቆጡሽ ያልፋል ብዬ ነው።"

ቀና ብላ የመሰላሉን ሁለት ጫፍ ያዘች። ጋሽ በቃ የታችኛውን እርከን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ሲዘረጋ ክብደቱ ወደ መሃል ሄደ፣ ክዳኑ ከሥሩ ዝንን አለ። እጁን ሰበሰበ። መሰላሉ ከፊቱ እያለፈ ወጣ።

"ምሳ በልተን እንመለሳለን" አለችው።

አማቲቱ አፋቸውን ከፍተው አዩአት። ቀጥሎ ቁልፉን ከቀሚሳቸው ፈቱና ሳይጠየቁ ዘረጉላት። "ነይ ልጄ፣ እጅሽን ታጠቢ። ልጄ ማታ ይገባል፤ እኔው እነግረዋለሁ" አሉ። የድምፃቸው ልስላሴ አዲስ ነበር። ልጅቷ ቁልፉን ተቀበለች እንጂ አላመሰገነቻቸውም። መሰላሉን ግድግዳው ላይ፣ ስንጥቁ ላይ አስደገፈችው። ቧንቧውን ከፈተች። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና አሸች፣ አለቀለቀች፣ ደግማ አሸች። ከዚያ ሳትዘጋው ወደ ቤት ገባች።

ሚዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ምሳ ዕቃውን ፈታ።

"ሚዶ" አለ ጋሽ በቃ ከታች፣ ቀስ ብሎ፤ ጮክ ካለ ክዳኑ የሚሰማው ይመስል። "ከሥሬ ባዶ ነው።"

"ነግሬዎት ነበር ጋሼ" አለ ሚዶ እያኘከ።

ውሃው አፈሩን እየቀደደ መጣ። መጀመሪያ አረፋው፣ ከኋላው ቀጭን ክር የሚያህል ጭቃማ ውሃ ከጉድጓዱ አፍ ተንጠባጥቦ ቀለበቱ ላይ ወደቀ። የክዳኑ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ወደ ታች፣ ሩቅ፣ የሚያርፍበት ቦታ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማው።

"በቃ" አለ ጋሽ በቃ። "በቃ... ቧንቧውን ዝጉት፤ በቃ!"

ቤት ውስጥ ለምሳ ሳህን ሲደረደር ይሰማል። ሚዶ ጉርሻውን ዋጠና የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ የታችኛውን ሳህን ማየት ጀመረ።